ከጡረታ በኋላ ኪቦርድ መልመድ፦ ከመጀመሪያው ቁልፍ እስከ መጀመሪያው ደብዳቤ

በአዲስ አበባ መሀል ከወረዳ መሥሪያ ቤትና ከፍርድ ቤት አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አይጠፋም። እዚያ ማመልከቻቸውን በእጃቸው አሳምረው ጽፈው የሚመጡ አዛውንት አሉ። ተራ ይጠብቃሉ። ጸሐፊዋ ስትጽፍ ከኋላዋ ቆመው፣ «ልጄ፣ እሱ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» ይላሉ። ጽሑፉን ያውቁታል። ፊደሉንም ከጸሐፊዋ በተሻለ ያውቁታል። የቀራቸው ኪቦርዱን መልመድ ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተጻፈ ነው። ለጡረታ ለወጡ መምህር፣ ቃለ ጉባኤ በእጃቸው ለሚጽፉ የዕድር ጸሐፊ፣ ውጭ አገር ላለ ልጃቸው ረዘም ያለ ደብዳቤ መላክ ለሚፈልጉ እናት፣ ያዩትንና የሰሙትን ለልጅ ልጅ ጽፈው ማቆየት ለሚሹ አባት።

ብዙዎች ገና ሳይጀምሩ «ከእንግዲህማ ጣቴ እሺ አይለኝም» ይላሉ። ጣት ከዕድሜ ጋር ዘገም ማለቱ እውነት ነው። ግን መተየብ የጣት ሥራ ብቻ አይደለም። ቲሞቲ ሳልትሃውስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 72 የሆነ ታይፒስቶችን አነጻጽሯል። በዕድሜ የገፉት ለአንድ ምልክት ፈጥኖ ምላሽ በመስጠት ከወጣቶቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ጽሑፍ ሲገለብጡ ግን ፍጥነታቸው አላነሰም። ምክንያቱም ጣታቸው አንዱን ፊደል ሲነካ ዓይናቸው ራቅ ብሎ የሚቀጥሉትን ፊደሎች አንብቦ ጨርሷል። እነዚያ ሥራውን የኖሩበት ሰዎች ነበሩ፤ እርስዎ ጀማሪ ነዎት። ቢሆንም ቀድሞ ማንበቡን በሌላ መንገድ ሲለማመዱት ኖረዋል። አማርኛው ውስጥዎ አለ። የሚማረው እጅዎ ብቻ ነው። እጅ ደግሞ የሚማረው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሠራ ነው።

መጀመሪያ፦ ጠረጴዛውና መነጽሩ

ይህን ክፍል አይዝለሉት። በሦስተኛው ቀን ትምህርቱን የሚያቋርጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቋርጡት አንገታቸውን ስላመማቸው ነው።

ሶፋ ላይ ላፕቶፕ ጭን ላይ አድርገው አይጀምሩ። የምግብ ጠረጴዛና መደገፊያ ያለው ወንበር ይበቃል። እግርዎ መሬት ይንካ። ክርንዎ ከጎንዎ ተጠግቶ በግምት ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። አንጓዎ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይታጠፍ ይቀመጥ። ጠረጴዛው ከፍ ካለብዎ ወንበሩ ላይ ትራስ ይጨምሩ፤ እግርዎ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ካርቶን ያድርጉ። ስክሪኑ የክንድዎን ያህል፣ ማለትም ከ50 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይራቅ። መስኮት ከጎንዎ እንጂ ከፊትዎ ወይም ከጀርባዎ አይሁን።

መነጽር ላይ ቆም እንበል። የማንበቢያ መነጽር የተሠራው ለመጽሐፍ ርቀት ነው። ስክሪን ከዚያ ይርቃል። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሆነ መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ አገጩን ቀና አድርጎ በታችኛው በኩል ለማየት ይሞክራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ማጅራቱ ይያዛል። መፍትሔው ስክሪኑን ዝቅ ማድረግና ጽሑፉን ማጉላት ነው። ዎርድ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ሲጽፉ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዘው የማውዙን ጎማ ወደ ፊት ቢያሽከረክሩ ገጹ ይተልቃል። ሙሉ ስክሪኑን ለማጉላት የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘው የመደመር ምልክቱን ይጫኑ። መነጽር ለማሠራት ሲሄዱ ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ለባለሙያው ይንገሩ። ለዚያ ርቀት የሚሆን መነጽር ይሠራል።

ኪቦርዱ ራሱን የቻለ፣ በገመድ የሚሰካ ቢሆን ይመረጣል። ላፕቶፕ ቢኖርዎትም ይሰኩለት። ቁልፎቹ ይሰፋሉ፣ ስክሪኑንም ለብቻው ማራቅ ይችላሉ። ሲገዙ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ኤፍ እና ጄ የሚባሉት ቁልፎች ላይ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ እብጠት መኖሩን። ሁለተኛ፣ ፊደሎቹ በጉልህ የተጻፉ መሆናቸውን። ገበያ ላይ ዓረብኛም የተደረበባቸው ኪቦርዶች ያጋጥማሉ፤ ይሠራሉ፣ ለጀማሪ ዓይን ግን ይበዛሉ።

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ከሌለ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጸጥታው ለልምምድ ይመቻል።

ሁለተኛ፦ አማርኛውን ኮምፒውተሩ ላይ ማስገባት

ይህን ከልጅ ወይም ከጎረቤት ወጣት ጋር አንድ ቀን ተቀምጠው ይጨርሱት። ከዚያ በኋላ የሰው እርዳታ አያሻም።

ለጀማሪ የምመክረው ኪማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ከራሱ ድረ ገጽ ይወርዳል። ሲጫን አማርኛን ይምረጡ፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ አለ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ቁልፎች የእሱ ናቸው። ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት ደግሞ የራሳቸው የአማርኛ ኪቦርድ አላቸው፤ ከቋንቋ ማስተካከያው ላይ ይጨመራል። በየመሥሪያ ቤቱ የለመድነው ፓወር ግዕዝም አለ። የሦስቱም መሠረት ይቀራረባል፤ የአንዳንድ ፊደል ቁልፍ ግን ይለያያል። አንዱን መርጠው በእሱ ይጽኑ። እየቀያየሩ መማር ጣትን ግራ ያጋባል።

ፕሮግራም መጫን የማይፈቀድበት ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ ኪማን በድረ ገጽ ላይም ይሠራል። ሳይጭኑ እዚያው ገጹ ላይ ጽፈው መገልበጥ ይቻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የሚጽፉት በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት የጋራ መለያ ይሁን። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ፎንት፣ ማለትም የራሱ የፊደል ቅርጽ ነበረው፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። ዛሬም በአሮጌ ፎንት የሚጽፉ አሉ። እርስዎ ደብዳቤዎን ዋሽንግተን ያለችው ልጅዎ ስልኳ ላይ እንድታነበው ከፈለጉ ዩኒኮድ ነው የሚያደርስልዎ። ኪማንም የዊንዶውሱም ኪቦርድ በዩኒኮድ ነው የሚጽፉት።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘው ረጅሙን የስፔስ ቁልፍ ይጫኑ። በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳሉ ከስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ፣ ሰዓቱ አጠገብ ይታያል።

ሦስተኛ፦ ፊደል ገበታው ቁልፉ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አዛውንት ከወጣት የሚበልጡበትም ቦታ ይህ ነው።

ፊደላችን 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው። ዲቃሎቹን ሳንጨምር። ኪቦርዱ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ደግሞ 26 ብቻ። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና የፈለሰፉት ኢንጂነር አያና ብሩም የገጠማቸው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ይህን ሁሉ ፊደል ጥቂት ቁልፎች ላይ እንዴት ማስፈር ይቻላል? ኮምፒውተሩ የመለሰው በሁለት ንክኪ ነው። መጀመሪያ የፊደሉን ቤት ይነካሉ፣ ቀጥሎ ድምፁን።

በዚህ ጽሑፍ ቁልፎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው እጠራቸዋለሁ። ሺፍት የምለው በኪቦርዱ ግራና ቀኝ ዳር ያለውን፣ ከሌላ ቁልፍ ጋር አብሮ የሚያዘውን ቁልፍ ነው። የለን ቤት እንውሰድ።

ለ፦ ኤል፣ ቀጥሎ ኢ
ሉ፦ ኤል፣ ቀጥሎ ዩ
ሊ፦ ኤል፣ ቀጥሎ አይ
ላ፦ ኤል፣ ቀጥሎ ኤ
ሌ፦ ኤል፣ ቀጥሎ ሺፍትን ይዘው ኢ
ል፦ ኤል ብቻ
ሎ፦ ኤል፣ ቀጥሎ ኦ

ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቁት ቅደም ተከተል ነው። የለን ቤት ከያዙ የመን፣ የረን፣ የበን ቤት ሁሉ ያዙ ማለት ነው። የሚቀየረው የመጀመሪያው ቁልፍ ብቻ ነው።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው የቁልፎቹ ስም ነው። ኢ የምትባለው ቁልፍ ሊን አታወጣም፤ የምታወጣው ለን ነው። ኤ የምትባለው ሌን አታወጣም፤ ላን ነው። ስለዚህ አምስቱን የድምፅ ቁልፎች በስማቸው ሳይሆን በቦታቸው ይያዟቸው። ግዕዝ በግራ እጅ የመሀል ጣት፣ ከላይኛው መስመር። ካዕብ በቀኝ ሌባ ጣት፣ ከላይ። ሣልስ በቀኝ የመሀል ጣት፣ ከላይ። ራብዕ በግራ ትንሿ ጣት፣ ከመሀለኛው መስመር። ሳብዕ በቀኝ የቀለበት ጣት፣ ከላይ። ይህን በትልቅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ጽፈው ከስክሪኑ ጎን ይለጥፉ። ቁልፎቹ ላይ ግን ምንም አይለጥፉ። ቁልፉ ላይ የተለጠፈ ነገር ዓይንን ወደ ታች ይጠራል።

አራተኛ፦ የእጅ ማረፊያ

ዓይንዎን ጨፍነው የኤፍን እና የጄን እብጠት በሌባ ጣቶችዎ ይፈልጉ። የግራ ሌባ ጣት ኤፍ ላይ፣ የቀኝ ሌባ ጣት ጄ ላይ ይረፍ። የቀሩት ጣቶች በተራ ይሰለፋሉ። በግራ፦ የመሀል ጣት ዲ፣ የቀለበት ጣት ኤስ፣ ትንሿ ኤ ላይ። በቀኝ፦ የመሀል ጣት ኬ፣ የቀለበት ጣት ኤል፣ ትንሿ ከኤል ቀጥሎ ያለው የድርብ ሰረዝ ቁልፍ ላይ። ሁለቱ አውራ ጣቶች ስፔስ ላይ። ይህ ማረፊያው ነው። ጣት ወጥቶ ሌላ ቁልፍ ነክቶ ወደዚህ ይመለሳል።

በእንግሊዝኛ የሚማር ሰው በማረፊያው መስመር ብቻ ብዙ ቃል መጻፍ አይችልም። በአማርኛ ግን ይቻላል። ሳድስ ድምፅ አይጨመርበትም፤ ራብዕ ደግሞ ትንሿ ጣት ሥር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅዎን ሳያነሡ እውነተኛ አማርኛ ይጽፋሉ። እነዚህን ይሞክሩ፦

ልክ፣ ድል፣ ግድ፣ ልጅ፣ ስልክ፣ ክስ፣ ሳል፣ ዳስ፣ ፋስ፣ ላክ፣ ካሳ

«ስልክ» ሦስት ንክኪ ብቻ ነው፦ ኤስ፣ ኤል፣ ኬ። «ልጅ» ሁለት። ጂ እና ኤች በሁለቱ ሌባ ጣቶች መካከል ናቸው፤ ግራው ወደ ቀኝ ዘርጋ ብሎ ጂን፣ ቀኙ ወደ ግራ ዘርጋ ብሎ ኤችን ይነካል።

እነዚህን ቃላት ቁልፍ ሳያዩ መጻፍ እስኪችሉ ድረስ ወደ ሌላ መስመር አይሂዱ። ሳምንት ይፍጅ፣ ከዚያም በላይ ይፍጅ፣ ግድ የለም። ጣት እዚህ ቦታውን ከያዘ የቀረው ይቀላል።

ላለማየት ቀላሉ ዘዴ እጅን መሸፈን ነው። ስስ የነጠላ ጫፍ ወይም የጋዜጣ ወረቀት እጅዎ ላይ ጣል ያድርጉ። መጀመሪያ ያበሳጫል። ይታገሡት። የሚታይ እጅ ሁልጊዜ ዓይንን ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያይልዎት አይኖርም።

ድሮ በብረት ታይፕ የሠሩ ካሉ ጣታቸው ጠንካራ ነው፣ ቦታም ይጠብቃል። አንድ ልማድ ብቻ ይተዉ፦ መምታቱን። የኮምፒውተር ቁልፍ ነካ ተደርጎ ይለቀቃል። ተጭነው ከቆዩ «ልልልልል» እያለ ይሄዳል።

አምስተኛ፦ ከማረፊያው መውጣት

አሁን የላይኛው መስመር። መጀመሪያ የድምፅ ቁልፎቹን ብቻ ይጨምሩ፤ ኢ፣ ዩ፣ አይ እና ኦ። እዚህ ላይ የልጅነት ዜማዎን ያውጡት። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ እያሉ፣ ድምፅ አውጥተው፣ ከአፍዎ ጋር ጣትዎን ያስኪዱ። ቀጥሎ የሰ፣ የከ፣ የደ፣ የገ፣ የፈ፣ የጀ ቤት። አፍ የለመደውን ዜማ እጅ ተከትሎ ይሄዳል። ከወጣት ሠልጣኞች ብዙዎቹ ይህ ዜማ የላቸውም። በፊደሎቹ መካከል ስፔስ ይንኩ፤ ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

ከዚያ የቀሩት ይመጣሉ። ከላይ፦ ኪው ለቅ በግራ ትንሿ ጣት፣ ደብሊው ለው በግራ ቀለበት ጣት፣ አር እና ቲ በግራ ሌባ ጣት፣ ዋይ ለይ በቀኝ ሌባ ጣት፣ ፒ በቀኝ ትንሿ። ከታች፦ ዜድ በትንሿ፣ ኤክስ ለሽ በቀለበት ጣት፣ ሲ ለች በመሀል ጣት፣ ቪ እና ቢ በግራ ሌባ ጣት፣ ኤን እና ኤም በቀኝ ሌባ ጣት። ኤን፣ ኤም እና ቢ ላይ ጊዜ ያጥፉ። ን፣ ም እና በ የሌሉበት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እምብዛም አያገኙም።

ስድስተኛ፦ ሺፍት፣ ማለትም አበበና ጫላ

ሁላችንም ተማሪ ቤት ያነበብነው ዓረፍተ ነገር ለዚህ ልምምድ እንደ ልክ የተሰፋ ነው።

አበበ በሶ በላ። እዚህ ውስጥ ሺፍት የለም። «አበበ» ሙሉ በሙሉ በግራ እጅ ይጻፋል፦ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኢ። በ«በሶ» ቀኝ እጅ ለኦ ብቻ ይገባል። በ«በላ» ለኤል ብቻ።

ጫላ ጩቤ ጨበጠ። ይህኛው ሺፍትን አምስት ጊዜ ይጠይቃል። ጭ ሺፍት ተይዞ ሲ ነው፣ ጥ ሺፍት ተይዞ ቲ። «ጩቤ» ውስጥ ያለው ቤ ደግሞ ኃምስ ስለሆነ ኢን በሺፍት ይፈልጋል። ሦስቱም ቁልፎች በግራ እጅ በኩል ናቸው። ስለዚህ ሺፍቱን የሚይዘው የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ነው። ሕጉ ይህ ነው፦ አንዱ እጅ ፊደሉን ሲነካ ሌላው ሺፍቱን ይይዛል። በአንድ እጅ ሁለቱንም ለመድረስ የሚታገል ሰው አንጓውን ይጎዳል።

ቀሪዎቹን በሺፍት የሚወጡ ፊደሎች ይያዙ፦ ኝ በኤን፣ ዥ በዜድ፣ ጵ በፒ፣ ጽ በኤስ።

ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ መያዝ ለሚያዳግተው እጅ ዊንዶውስ መላ አለው። ሺፍትን አምስት ጊዜ ደጋግመው ቢነኩ ጥያቄ ይመጣል፤ እሺ ይበሉት። ከዚያ በኋላ ሺፍትን ነክተው ለቀው፣ ቀጥሎ ፊደሉን መንካት ይበቃል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ደግሞ የቀኙን ሺፍት ለስምንት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። በስህተት የሚደጋገሙ ንክኪዎችን የሚያጣራ አሠራር ይከፈታል። በዚህ መጠቀም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለዚሁ ነው የተሠራው።

ሞክሼ ፊደላት

«በየትኛው ሀ?» ብለው ለሚጠይቁ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ኪቦርዱም ልዩነቱን ይጠብቅላቸዋል። ሃሌታው ሀ በኤች ነው። ሐመሩ ሐ ሺፍት ተይዞ በኤች። ብዙኃኑ ኀ ኤችን ሁለቴ በመንካት። እሳቱ ሰ በኤስ፣ ንጉሡ ሠ ኤስን ሁለቴ በመንካት። ጸሎቱ ጸ ሺፍት ተይዞ በኤስ፣ ፀሐዩ ፀ እንደዚያው ሁለቴ። ለዓይኑ ዐ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን የቁልፍ ሰንጠረዥ ይመልከቱ። ሰ ሱ ሲን ሲለማመዱ ስፔስ ይንኩ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ስ ብለው ወዲያው ሶን ከነኩ ሁለቱ ኤስ ተጣምረው ሦ ይወጣል።

ነጠላ ሰረዝ የኮማው ቁልፍ ነው። ድርብ ሰረዝ በማረፊያው ትንሿ ጣት ሥር ነው። እሱኑ በሺፍት ሁለቴ ቢነኩ አራት ነጥብ ይወጣል።

በቀን ስንት ሰዓት?

አጭር፣ ግን በየቀኑ። በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። አለን ባድሊና ባልደረባው የፖስታ ሠራተኞች ታይፕ ሲማሩ ተከታትለው ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት ኪቦርዱን ለመያዝ በድምሩ 35 ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። በቀን አራት ሰዓት የተማሩት ግን 50 ሰዓት ገደማ። በቀን አንድ ሰዓት የሚማሩት ደግሞ በትምህርቱ እምብዛም ያልረኩት ነበሩ፤ ከሌሎቹ የዘገዩ መስሏቸዋል። እጃቸው ግን ከሁሉም በላይ በሰዓት ብዙ የሚማረው ነበር። እርስዎም በአሥረኛው ቀን «ምንም አልተለወጥኩም» ሲሉ ይህን ያስታውሱት።

ለእኛ ዕድሜ ሃያ ደቂቃ ጠዋት፣ ሃያ ደቂቃ ከሰዓት ይበቃል እላለሁ። ጠዋት ቡና ከተጠጣ በኋላ ብርሃኑም አእምሮውም ጥሩ ነው። ሲጀምሩ የትናንቱን ይድገሙ፣ ከዚያ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይጨምሩ። ጣት ሲደነዝዝ ወይም ሲያም ያቁሙ። ሌሊት የሚቀሰቅስ የእጅ መደንዘዝ ካለ ሐኪም ይዩ፤ ልምምዱን ለዚያ ብለው አይግፉበት።

ፍጥነት አይለኩ። ለሁለት ወር ያህል የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ቁልፍ ሳያዩ የጻፉት መስመር።

ወደ እውነተኛው ጽሑፍ

የፊደል ልምምድ ብቻ ይሰለቻል። ቁልፎቹን አንድ ዙር እንደያዙ ወደ ሚፈልጉት ጽሑፍ ይሂዱ። መጀመሪያ መገልበጥ ይሻላል። አዲስ ዘመን ጋዜጣን ከስክሪኑ ጎን ዘንበል አድርገው ያቁሙ፤ የመጽሐፍ ማቆሚያ ካለ ጥሩ። አንድ አንቀጽ ይምረጡ። ዓይንዎ ጋዜጣው ላይ ይሁን። እጅዎ አንዱን ቃል ሲጨርስ ዓይንዎ ቀጣዩን ይያዝ። ያንኑ አንቀጽ ሦስት ቀን ይድገሙት። በሦስተኛው ቀን እጅ ራሱ ቃሉን ሲያውቀው ይሰማዎታል። «ነው»፣ «እና»፣ «ላይ»፣ «ግን» የሚሉት ቃላት እንደ አንድ ንክኪ መውጣት ይጀምራሉ።

ከዚያ የራስዎን ይጻፉ። የዕድሩን የወር ቃለ ጉባኤ። ለልጅ የሚላክ ደብዳቤ። የሰፈሩን ትዝታ፤ ፒያሳና አራት ኪሎ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተለውጠዋል፣ የት ምን እንደነበረ የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ በእጅ ጽፎ መገልበጥ ነውር የለውም። እያሰቡ ቀጥታ መጻፍ ሌላ ችሎታ ነው፣ በኋላ ይመጣል። ሲሳሳቱ ወዲያው አይመለሱ። አንቀጹን ጨርሰው፣ አንብበው፣ ከዚያ ያርሙ። በየፊደሉ የሚያጠፋ እጅ ምት አይይዝም።

ስልክ ላይ ብቻ መጻፍ ለሚፈልግ ጂቦርድ የተባለው የጉግል የስልክ ኪቦርድ አማርኛ አለው። ማይክሮፎኑን ነክቶ በመናገር መጻፍም ይቻላል፤ ጉግል አማርኛን በ2017 እ.ኤ.አ. ጨምሮታል። ለአጭር መልእክት ይመቻል። ለሁለት ገጽ ደብዳቤ ግን ኪቦርዱን ምንም አይተካውም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ከወጣ ቋንቋው አልተቀየረም፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ። ስ ሲሉት ጽ፣ ት ሲሉት ጥ እየሆነ ከመጣ ካፕስ ሎክ በርቷል፤ ከግራ ትንሿ ጣት አጠገብ ያለውን ቁልፍ አንዴ ነክተው ያጥፉት። ለን ፈልገው ል ብቻ ከቀረ የድምፁ ቁልፍ በደንብ አልተነካም። ባክስፔስን ነክተው ፊደሉን ያጥፉና ከመጀመሪያው ቁልፍ ይጀምሩ። የጻፉት ሁሉ በድንገት ከጠፋ አይደንግጡ፣ ምንም ሌላ ቁልፍም አይንኩ። ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ይንኩ፤ ይመለሳል።

መብራት መጥፋቱን ደግሞ የምናውቀው ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ይይዘዋል። ዴስክቶፕ ግን ወዲያው ይጠፋል፣ ያልተቀመጠው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ኮንትሮልን ይዘው ኤስን መንካት በየአንቀጹ መጨረሻ ልማድ ይሁንብዎ። አራት ነጥብ፣ ኢንተር፣ ኮንትሮልና ኤስ።

ደብዳቤው ሲያልቅ ሁለት ቅጂ ያስቀምጡ። አንዱ የሚታረመው የዎርዱ ነው። ሌላውን «ሴቭ አዝ» ከሚለው ውስጥ ፒዲኤፍን መርጠው ያስቀምጡ። ለማተም ፍላሽ ይዘው ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የሚሰጡት ፒዲኤፉን ነው፤ የእነሱ ኮምፒውተር ፎንትዎ ባይኖረውም ፊደልና መስመር አይቀየርም። ለልጅ በቴሌግራም ሲልኩም ይኸው ይሻላል። ፍላሹን ከማተሚያው ቤት ሲመልሱ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል ዋናው ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ ፍላሹ ላይ ብቻ አይቀመጥ።